ቲኬታቸውን ራሳቸው የቆረጡ ሴቶች

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 1745 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ባለችው ሰሪ ውስጥ፣ ጎስደን ኮመን በሚባል ሜዳ ላይ ሁለት መንደሮች ልጃገረዶቻቸውን ለክሪኬት አሰለፉ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። የብራምሊዎቹ ሰማያዊ፣ የሃምብልደኖቹ ቀይ ጥብጣብ ራሳቸው ላይ አስረዋል። ሃምብልደን 127 ለ119 አሸነፈች። ወሬውን ያተመው የሬዲንግ ጋዜጣ ልጃገረዶቹ ሲወረውሩም፣ ሲመቱም፣ ሲሮጡም፣ ሲቀልቡም ከአብዛኞቹ ወንዶች እንደማያንሱ መሰከረ። በጽሑፍ ከተመዘገቡ የሴቶች የክሪኬት ግጥሚያዎች ቀዳሚው ይህ ነው።

ከዚያ ሜዳ ተነስቶ የሁለት አገር ሴቶች በብሔራዊ ቡድን ስም እስኪገናኙ ድረስ ወደ 190 ዓመት ገደማ ፈጀ። ሴቶቹ ጨዋታውን ማወቃቸውማ በ1745 ተመስክሮ ነበር። የጎደላቸው ሜዳ፣ ማኅበርና ገንዘብ ነበር። በተለይ የገንዘቡ ነገር እስከ ታሪኩ መጨረሻ ይከተለናል።

ክሪኬትን ላላየ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ይሰለፋል። አንደኛው ቡድን ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ሁለት ሁለት ሆኖ እየገባ በጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ኳሱን ይመታል። ከመቺዋ ጀርባ ዊኬት የሚባሉ ሦስት ዘንጎች ተተክለዋል። ኳሱ ዘንጎቹን ከመታ፣ ወይም የመታችው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ መቺዋ ትወጣለች። መትታ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሮጠች ቁጥር ነጥብ ታገኛለች። ዐሥር ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያበቃና ወርዋሪዎቹ በፈንታቸው መምታት ይጀምራሉ። ቴስት በሚባለው፣ በአገሮች መካከል በሚደረገው ትልቁ ግጥሚያ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ስለዚህም ጨዋታው ለቀናት ይዘልቃል።

በ1926 በእንግሊዝ የሴቶች ክሪኬት ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቾቹ የሆኪና የላክሮስ ተጫዋቾች ነበሩ። ሆኪ ማለት የእኛን የገና ጨዋታ የሚመስለው፣ በቆልማማ ዱላ ኳስ የሚመታበት ስፖርት ነው። የክረምት ጨዋታቸው ሲያበቃ በበጋውም አብረው የሚጫወቱት ፈልገው ነው ወደ ክሪኬት የመጡት። ሥርዓት ወዳድ ነበሩ። ነጭ ቀሚስና ረጅም ነጭ ካልሲ ግዴታ ነበር፤ እንደ ወንድ ሱሪ መልበስ አይታሰብም። አንዳንዱ ሰው ዛሬ ይህን ሲያነብ ፈሪነት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ብልሃት ነው የምለው። የሚተቻቸው ጋዜጣ ስለ ልብሳቸው የሚጽፈው ሲያጣ ስለ ጨዋታቸው ለመጻፍ ይገደዳል። በአውስትራሊያም በ1931 የየግዛቱ ማኅበራት ተሰባስበው የሴቶች ክሪኬት ምክር ቤት መሠረቱ። አሁን ሁለት ወገን ተገኘ፤ የቀረው መገናኘት ነበር።

በመካከሉ ወንዶቹ ተጣሉ። በ1932 መጨረሻ አውስትራሊያ የገባው በዳግላስ ጃርዲን የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን፣ ዶን ብራድማን የተባለውን ድንቅ መቺ ለመግታት አደገኛ ዘዴ ይዞ ነበር። ሃሮልድ ላርዉድ የሚባለው ፈጣን ወርዋሪ ኳሱን በመቺው ሰውነት አቅጣጫ ይለቃል። በጃንዋሪ 1933 አደላይድ ላይ የአውስትራሊያው አምበል ቢል ዉድፉል ደረቱ ላይ፣ በርት ኦልድፊልድ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ተመቱ። የአውስትራሊያ ክሪኬት ቦርድ ድርጊቱ ከስፖርት ጨዋነት የወጣ መሆኑን ገልጾ ለለንደን ቴሌግራም ላከ። ነገሩ እስከ ሁለቱ መንግሥታት ሰዎች ደረሰ፤ የዘመድ አገሮች ወዳጅነት በኳስ ምክንያት ሻከረ።

የአውስትራሊያ ሴቶች ለእንግሊዝ ሴቶች ግብዣ የላኩት ቁስሉ ሳይሽር ነው። ተጋባዦቹ አገር ውስጥ ሲገቡ ማረፊያና መስተንግዶ የጋባዦቹ ይሆናል፤ የመርከቡን ግን እያንዳንዷ ተጫዋች ራሷ ትችላለች። ዋጋው 80 ፓውንድ ነበር። ያኔ ለብዙ የእንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴት ይህ የዓመት ደመወዟ ያህል ነው። በዚያ ላይ ግማሽ ዓመት ገደማ ከሥራ መቅረት አለ። ስለዚህ ለቡድኑ የተመረጡት 15 ሴቶች ከአገሪቱ ጎበዞች መካከል መክፈልም መቅረትም የቻሉት ነበሩ። የዚያን ቡድን ታላቅነት ስናወራ ይህን አብረን ካላነሳን ታሪኩን ግማሹን ብቻ ነው የምንናገረው። ኳስ ወርውራ ሰው ዝም የምታሰኝ ስንት የላንካሽር የጨርቅ ፋብሪካ ልጅ በ80 ፓውንድ ምክንያት ቀርታ ይሆን?

አምበሏ ቤቲ አርክዴል ትባላለች። ዕድሜዋ 27 ነበር። እናቷ ሄለን አርክዴል ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ እስር ቤት የገቡ ሴት ናቸው፤ በትግሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት በድንጋይ ከሰበሩት አንዷ ነበሩ። ልጅቱ ስኮትላንድ ውስጥ ሴይንት ሊዮናርድስ በተባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ክሪኬትን ለመደች፤ ከዚያም ሕግ አጠናች። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚል ተረት የእኛ አገር ብቻ አልነበረም፤ አርክዴል ያደገችው ያንን ተረት በማይቀበል ቤት ነው። ከእሷ ጋር ማይርትል ማክላገን አለች፤ የሠራዊት መኮንን ልጅ፣ ሕንድ ውስጥ አምባላ የተወለደች፣ በቀስታ ወርውራ ኳሱን መሬት ላይ የምታጥፍ፣ ስትመታም በትዕግሥቷ ተጋጣሚን የምታሰለች። ጓደኛዋ ቤቲ ስኖውቦል ከዊኬቱ ጀርባ ኳስ ትጠብቃለች፤ በመምታትም ከማክላገን ጋር ተራውን የምትከፍተው እሷ ናት። ሞሊ ሃይድ የግብርና ተማሪ ነበረች፤ አመታቷ ከሁሉም ያማረ ነው ይሉላት ነበር።

ካቴይ በተባለችው መርከብ ተሳፈሩ። የዚያ ዘመን የአውስትራሊያ መርከቦች መንገድ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር ነበር፤ ከእኛ ደጅ እምብዛም ሳይርቁ ያልፋሉ። በኖቬምበር 1934 ፍሪማንትል ወደብ ደርሰው፣ በ24ኛው ቀን ፐርዝ ላይ ከምዕራብ አውስትራሊያ ሴቶች ጋር የመጀመሪያውን ግጥሚያ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አቀኑ።

ብሪዝበን፣ ኤግዚቢሽን ግራውንድ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1934። በዓለም የመጀመሪያው የሴቶች ቴስት የተጀመረው እዚህ ነው። የአውስትራሊያ አምበል ማርጋሬት ፔደን ነበረች፤ እህቷ ባርባራም በቡድኑ ውስጥ አለች። አባታቸው የሕግ ፕሮፌሰርና የምክር ቤት ሰው ነበሩ። በዚያኛውም ወገን እንግዲህ የተማረ ቤተሰብ ልጆች አሉ። ነገር ግን አውስትራሊያውያኑ መሐል የሠራተኛ ልጆችም ነበሩ፤ አገራቸው ላይ ስለተጫወቱ የመርከብ ዋጋ አልከለከላቸውም። ፔጊ አንቶኒዮ ከፖርት ሜልቦርን የመጣች፣ ገና 17 ዓመቷ የሆነ፣ ክሪኬትን መንገድ ላይ የተማረች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ኳሷ መሬት ነክቶ ወዴት እንደሚታጠፍ ለመገመት ከባድ ስለነበር በወንዶቹ ዝነኛ ወርዋሪ በክላሪ ግሪሜት ስም «ሴቷ ግሪሜት» ይሏት ነበር።

አውስትራሊያ መጀመሪያ መታች፤ በ47 ነጥብም ሁሉም ወጡ። ማክላገን 10 ነጥብ ብቻ ሰጥታ ሰባቱን አስወጣች። በቴስት ታሪክ የመጀመሪያ ተራቸው ላይ ለቆሙ ሴቶች ከባድ ቀን ነበር። ቢሆንም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አን ፓልመር ወርውራ በ18 ነጥብ ሰባት እንግሊዛውያን አስወጣችና እንግሊዝ 154 ላይ ቆመች። ከዚያ ውስጥ 72ቱ የማክላገን ነው፤ የቀሩት ዐሥር ሴቶች ተደምረው እሷን ብዙም አልበለጧትም። በሁለተኛው ተራ ኤሲ ሸቪል ከጎኗ አንድ በአንድ እየወጡባት እስከ መጨረሻ ጸንታ 63 አስመዘገበች፤ ማንም አላስወጣትም። አውስትራሊያ 138 ደረሰች። እንግሊዝ የቀራትን 32 ነጥብ አንዲት ሴት ብቻ ወጥታባት ጨረሰች። ቅዳሜ ማታ አቋርጠው፣ እሑድን አርፈው፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ሰኞ ያበቃ ግጥሚያ ነበር።

ሁለተኛው ቴስት በጃንዋሪ 4 ቀን 1935 በሲድኒ ተከፈተ፤ ያውም በከተማው ታላቅ ሜዳ፣ በሲድኒ ክሪኬት ግራውንድ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በለንደን ከሁሉ የሚከበረው የሎርድስ ሜዳ ለሴቶች በሩን ለመክፈት ገና ከ40 ዓመት በላይ ይቀረዋል፤ የሲድኒ ሰዎች ግን ከሁለት ዓመት በፊት ላርዉድ የወረወረበትን ሜዳ ለሴቶች ሰጡ። ማክላገን በዚያ ሜዳ 119 አስቆጠረች። በሴቶች ቴስት አንዲት ተጫዋች መቶ ስትሞላ የመጀመሪያው ነው። እንግሊዝ አምስት ሰው ወጥቶባት 301 ስትደርስ ይበቃናል ብላ ተራዋን ዘጋች። አውስትራሊያ በሁለቱ ተራዋ 162ና 148 አድርጋ ነበርና እንግሊዝ ለማሸነፍ 10 ነጥብ ብቻ ቀራት፤ እሱንም አግኝታ አሸነፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የእንግሊዝ ወንዶች በዚያው በ1934 በጋ በገዛ አገራቸው በብራድማኗ አውስትራሊያ ተሸንፈው ነበር። ስለዚህ የሴቶቹ ድል ወሬ ለንደን ሲገባ ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ ወንዶቹን ከሴቶቹ ጋር የሚያነጻጽር ግጥም አተመ። ውዳሴ ነበር፤ ግን ወንዶቹን ለመሸንቆጥ የተጻፈ ውዳሴ ነው። የማክላገን 119 ከማንም ጋር ሳይነጻጸር ብቻውን ቆሞ የሚከበር ሥራ ነበር።

በሜልቦርን፣ ጃንዋሪ 18 ቀን በተጀመረው ሦስተኛ ቴስት፣ አውስትራሊያውያኑ ሌላ ሆነው መጡ። አንቶኒዮ በ49 ነጥብ ስድስት እንግሊዛውያንን አስወጣች፤ እንግሊዝ 162፣ አውስትራሊያ 150። ልዩነቱ 12 ብቻ! ከሦስት ሳምንት በፊት 47 ላይ የወደቁት እነዚሁ ሴቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። እንግሊዝ በሁለተኛው ተራ ሰባት ሰው ወጥቶባት 153 ላይ ዘግታ አውስትራሊያን 166 ፍለጋ አስገባቻት። ሰዓቱ ሲያልቅ አውስትራሊያ 104 ላይ ነበረች፤ ስምንት ሰው ወጥቶባታል፣ ሁለት ቀርቷታል። ግጥሚያው ያለ አሸናፊ ተጠናቀቀ። እንግሊዝ ጠቅላላ ውጤቱን 2 ለ0 ይዛ ወጣች። ለእኔ ግን የጉዞው ዋና ዜና ሜልቦርን ላይ የታየው ነው። ከብሪዝበን እስከ ሜልቦርን አውስትራሊያውያኑ ያገኙት አዲስ ነገር ቢኖር ሁለት ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ያ ብቻ ይህን ያህል አቀራረባቸው።

እንግሊዛውያኑ ባሕሩን ተሻግረው ኒውዚላንድ ገቡ። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1935 ክራይስትቸርች፣ ላንካስተር ፓርክ። የኒውዚላንድ ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤታቸውን ካቆሙ ገና ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ከሌላ አገር ቡድን ጋር በቴስት ተጫውተው አያውቁም። በ44 ነጥብ ወጡ። ከዚያ ስኖውቦል መምቻዋን ይዛ ገባች፤ 189 ሳትሞላም አልወጣችም። ሃይድ ከእሷ ጋር ሆና 110 አደረገች። እንግሊዝ አምስት ሰው ወጥቶባት 503 ላይ ዘጋች። ኒውዚላንድ በሁለተኛው ተራዋ 122 ብትደርስም፣ ሁለቱ ተራዋ ተደምሮ ከእንግሊዝ አንድ ተራ በ337 አነሰ። የስኖውቦልን 189 የሚያልፍ ሴት እስኪገኝ ድረስ 51 ዓመት አለፈ፤ በ1986 ሕንዳዊቷ ሳንዲያ አጋርዋል በአንድ ነጥብ በልጣ 190 አደረገች።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እንግዳ የመሆን ተራው የአውስትራሊያ ደረሰ። በ1937 ማርጋሬት ፔደን ቡድኗን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተጓዘች፤ አሁንም እያንዳንዷ ተጫዋች የምትከፍለው 75 ፓውንድ ነበር። ፔጊ አንቶኒዮ ይህን ገንዘብ ከየት ታምጣ? አንድ በጎ ፈቃደኛ ባይሸፍንላት ኖሮ የአገሪቱ ምርጥ ወርዋሪ ሜልቦርን ውስጥ ፋብሪካዋ ላይ እንደቆመች ትቀር ነበር። የቡድኑ አባላት ከመጠጥና ከቁማር ሊርቁ፣ መርከብ ላይም በጊዜ ሊተኙ ቃል ገብተዋል። ጁን 12 ቀን ኖርዝሃምፕተን ላይ በተጀመረው የመጀመሪያ ቴስት አውስትራሊያ 300 አስመዘገበች፤ ካዝ ስሚዝ 88፣ ሄዘል ፕሪቻርድ 87። አንቶኒዮ ደግሞ በ51 ነጥብ ስድስት አስወጣች። በሁለተኛው ተራ አውስትራሊያ 102 ላይ ብትወድቅም፣ እንግሊዝ 204ና 167 ብቻ አድርጋ በ31 ነጥብ ተሸነፈች። የአውስትራሊያ ሴቶች የመጀመሪያው የቴስት ድል ይህ ነው። ብላክፑል ላይ እንግሊዝ በ25 ነጥብ መለሰች፤ ለንደን ላይ ሦስተኛው ያለ አሸናፊ ቀረ፤ 1 ለ1 ተለያዩ። 47ቱ ነጥብ ከተመዘገበ ሦስት ዓመት አልሞላም።

አንቶኒዮ ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በስድስት ቴስት 31 አስወጥታ፣ ገና በ20ዎቹ መግቢያ ሳለች ጨዋታውን ተወች። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አርክዴል የባሕር ኃይል የሴቶች ክፍል ገብታ በሲንጋፖር የሴት ሬዲዮ ኦፕሬተሮች ኃላፊ ሆነች፤ ኒሻንም ተሸለመች። በ1946 ወደ አውስትራሊያ ተመለሰች፤ አሁን ግን ለመኖር ነው። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ኮሌጅ ኃላፊ፣ ከ1958 እስከ 1970 ደግሞ የአቦትስሊ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበረች። በአምበልነት ያሸነፈቻት አገር ልጆቿን አደራ ሰጠቻት። በ1948 መጨረሻ በሃይድ የሚመራ የእንግሊዝ ቡድን እንደገና ወደ አውስትራሊያ ሲሻገር፣ ቤቲ ዊልሰን የተባለች አዲስ ኮከብ ጠበቀችውና አውስትራሊያ 1 ለ0 አሸነፈች።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ዘገምተኛ ነው። የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ1973 ተጀመረ፤ ከወንዶቹ በሁለት ዓመት ቀድሞ። ሎርድስ ሴቶችን ያስገባው በ1976 ነው። የሜዳው ባለቤት የሆነው ኤም ሲ ሲ የተባለው ክለብ ሴት አባል ለመቀበል የወሰነው ከተመሠረተ ከ211 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነበር። በማግሥቱ ዓመት የዕድሜ ልክ የክብር አባልነት ከተሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሴቶች አንዷ ቤቲ አርክዴል ነበረች። 91 ዓመቷ ነበር። በጃንዋሪ 2000 ሲድኒ ውስጥ አረፈች።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 አውስትራሊያና እንግሊዝ የመጀመሪያውን የሴቶች ቴስት 90ኛ ዓመት ለማሰብ በሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ ተገናኙ። በዚያ ሜዳ የሴቶች ቴስት ከተደረገ ከ1949 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ቲኬቱን የሚቆርጥላቸው ማኅበራቸው ነው። በሦስቱ ቀናት ከ35 ሺህ በላይ ተመልካች ገባ። አናቤል ሰዘርላንድ 163 አስቆጥራ በዚያ ሜዳ በቴስት መቶ የሞላች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ አውስትራሊያ 440 ደረሰች። እንግሊዝ በሁለቱ ተራዋ 170ና 148 ብቻ አድርጋ ከአውስትራሊያ አንድ ተራ በ122 አነሰች።